ደዋይዋ ወደ ፖሊስ አልሄድም ስትል፦ ስለ ጥቃት ስልክ መስመር የተካሄደ ክርክር

በኢንተርኔት መድረክ ላይ በጽሑፍ የተካሄደውን ይህን ውይይት የከፈተችው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች በሚያስተናግድ ነፃ የስልክ መስመር ላይ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል የጀመረች ወጣት ናት። ሥልጠናዋን ጨርሳ፣ ልምድ ካላቸው አድማጮች ጎን ተቀምጣ ብዙ ጥሪ ከተከታተለች በኋላ፣ ለብቻዋ ባነሣችው የመጀመሪያ ከባድ ጥሪ ላይ የገጠማትን ትተርካለች። ደዋይዋ ከተደፈረች ሁለት ሌሊት አልፏል፤ ሐኪም ቤትም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ የመሄድ ሐሳብ የላትም፤ የደወለችው ነገሩን ለአንድ ሰው ተናግራ ለመተንፈስ ነው። አድማጯ በተማረችው መሠረት ያሉትን አማራጮች አስረዳች፣ አልተጫነችም፣ ደዋይዋ በቃኝ ብላ እስክትዘጋ ድረስም ከመስመሩ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቷታል። ሰውዬው እንደልቡ እየተንቀሳቀሰ፣ የሕክምናውም ሰዓት እየነጎደ ሳለ ዝም ብሎ ማዳመጥ ደግነት ነው ወይስ ኃላፊነትን መሸሽ? መገፋፋት፣ መለመን፣ ካስፈለገም መቆጣት አልነበረባትም ወይ?

በዚህ ሥራ ውስጥ ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው ስለሆንሁ መልሶቹን አንድ በአንድ ተከታትያለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ውሳኔው የደዋይዋ ነው፤ አድማጭ ደግሞ ያ ውሳኔ በሙሉ መረጃ ላይ እንዲቆም የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ይህ ሁለተኛው ሲዘነጋ የመጀመሪያውም ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የመልሶቹን ፍሬ ሐሳብ በራሴ ቃል አቀርባለሁ። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም፤ አንዳንዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋለሁ።

1ኛዋ መልስ ሰጪ ጠያቂዋን እህቴ ብላ በአክብሮት ጀምራ፣ የሠራችው ትክክል እንደሆነ ታረጋግጥላታለች። መደፈር ማለት ፈቃድን መነጠቅ ነው፤ ስልኩን ያነሣው ሰው ለበጎ ብሎም ቢሆን የሚያዝዛት ከሆነ፣ ይህች ሴት ገና ከትናንት ወዲያ የደረሰባትን ነገር በለሰለሰ ድምፅ ተደግሞ ትሰማዋለች የሚል ነው ክርክሯ። 2ኛው መልስ ሰጪ በዚህ ተስማምቶ በ2008 ዓ.ም የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ይጠቅሳል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 10 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልፈለጉም፣ ለማንም ሰው ትንፍሽ አላሉም። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ጠንካራ ነው። ስልኩን ያነሣው በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰሚ ነው፤ የመጀመሪያው ሰሚ ከተቆጣ ደግሞ ሁለተኛ ሰሚ አይኖርም።

የውይይቱን መልክ የለወጠው 3ኛው መልስ ነው። የጻፈችው በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ አለመጫንና መረጃ መሸሸግ አንድ እንዳይመስለን ታስጠነቅቃለች። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ደግሞ እጅግ ይመረጣል፤ ከተጀመረም 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። የአባላዘር በሽታና የጉበት ቫይረስ መከላከያም አለ። ሁለት ሌሊት ማለት 72 ሰዓቱ ገና አልሞላም ማለት ነውና፣ ነርሷ ጠያቂዋን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለደዋይዋ ሐኪም ቤት ብትሄጂ ይሻላል አልሻት ወይስ ይህ መድኃኒት ከነገ በኋላ ሊሰጥሽ አይችልም ብለሽ ሰዓቱን ቆጥረሽ ነገርሻት? የመጀመሪያው ምክር ነው፣ ማንም ይሰጠዋል። ሁለተኛው ግን ደዋይዋ ከሌላ ቦታ የማታገኘው እውቀት ነው፤ ይህን ነግሮ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት መጫን አይባልም።

ያው መልስ አንድ የተግባር ነገርም ይዟል፤ አዲስ አድማጮች ቢጽፉት እወድዳለሁ። ልብሷን ያላጠበች ደዋይ ልብሱን በወረቀት ወይም በወረቀት ከረጢት እንድትጠቀልለው ይነገራት፤ በፌስታል ከታሸገ እርጥበቱ ታምቆ ማስረጃው ይበላሻል። ሆኖም ገላዋን ታጥባ፣ ልብሷን ዘፍዝፋ፣ አልጋ ልብሱን ሳይቀር አጥባ የምትደውለው ብዙ ናት፤ ይህች ሴት ሁሉ ነገር አበቃለት ብላ ስልኩን እንዳትዘጋ፣ ሕክምናው ከመታጠቧ ጋር ግንኙነት እንደሌለው መስማት አለባት። ስለ ልብስ ማስቀመጥ ከመናገር በፊት ይህን መናገር እንደሚቀድም ነርሷ አጥብቃ ታሳስባለች።

በ4ኛው መልስ ወዴት ትሂድ የሚለው ተነሣና የአዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተጠቀሰ፤ በሀገራችን ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ምክሩ፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ አገልግሎቱ በአንድ ግቢ እንዲገኝ የተደረገበት የመጀመሪያው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተከፈተው እዚያ ነው፤ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከትለዋል። 5ኛዋ መልስ ሰጪ ግን ይህ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ እርሷ የምታውቃት ልጅ በአንድ የክልል ከተማ ጤና ተቋም መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ተብላ እንደተመለሰች በምሬት ትናገራለች። ነርሷ በ6ኛው መልስ ተመልሳ መጥታ፣ ደብዳቤው ለፍርድ ቤት ከሚጻፈው የሕክምና ማስረጃ ጋር የሚያያዝ እንጂ መድኃኒት ለመጀመር የሚጠበቅ ሊሆን እንደማይገባ ታብራራለች፤ አድማጭ ይህን አስቀድሞ ለደዋይዋ ቢነግራት፣ በር ላይ የሚገጥማትን ሰው ኃላፊውን ጥራልኝ ለማለት ድፍረት ታገኛለች ትላለች። ከልምዴ የምጨምረው አለ። ደዋይዋ ከተስማማች ከመሄዷ በፊት ወደ ተቋሙ ደውሎ ተረኛው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ጠይቆ መንገር፣ ሂጂ ብሎ አሥር ጊዜ ከመለመን የበለጠ ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በትሕትና ነበር። 7ኛው መልስ ግን እንደ ጥፊ ነው። ጸሐፊው ጠያቂዋን በቀጥታ ይወቅሳታል፤ በመክፈቻ ጽሑፏ ውስጥ የደዋይዋን ሰፈር፣ የምትሠራበትን ዓይነት ሱቅና ከማን ጋር እንደምትኖር ጽፋለች፤ ይህ ሚስጥር መጠበቅ ከተባለ ሥልጠናው ምን አስተማራት? አሁኑኑ እንድታጠፋው ያዝዛታል። 8ኛዋ መልስ ሰጪ ተቆጥታ ተከራከረች፤ ስም አልተጠቀሰም፣ ልጅቷ ተጨንቃ ነው የጻፈችው፣ በበጎ ፈቃድ የምታገለግልን ሰው እንዲህ ማዋረድ ነውር ነው አለች። 9ኛው ደግሞ ሳይቆጣ አንድ ታሪክ አስገባ። በትውልድ ከተማው አንዲት ሴት ስለደረሰባት ጥቃት በአንድ ስብሰባ ላይ ስሟ ሳይነሣ ተወራ፤ ፀጉር ቤት እንደምትሠራና ከየትኛው ወረዳ እንደመጣች ብቻ ነበር የተነገረው። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር። የውይይቱ አስተናባሪ በ10ኛው መልስ መስመሮቹን ማጥፋቱን ገልጾ ሁለቱንም ወገን አመሰገነ። እኔም ከላይ ታሪኩን ስተርክ እነዚያን ዝርዝሮች ያስቀረሁት ለዚህ ነው። የ7ኛው መልስ አነጋገር ሻካራ ነው፤ በነገሩ ግን ከእርሱ ጋር ነኝ። እኛ ሀገር ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ፣ በአክስቱ፣ በሚሠራበት ሱቅም ይታወቃል። ሸክሙ የከበደው አድማጭ የሚናገርበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያ ቦታ ግን የመስመሩ አስተባባሪ ቢሮ ነው።

በ11ኛው መልስ አንድ ሰው መጥቶ ጠያቂዋንም እስካሁን የጻፉትንም ሁሉ በአንድ ላይ ከሰሰ። ዝም ያለ ሁሉ ተባባሪ ነው፤ ያ ሰው ነገ ሌላዋን ልጅ ቢደፍር ደሟ በአድማጯ እጅ ላይ ነው፤ ደዋይዋ አልፈልግም ብትልም ለፖሊስ መጠቆም ግዴታ ነው ይላል። በቁጣው ውስጥ እውነተኛ ሐዘን እንዳለ ይሰማኛል፤ ድምዳሜው ግን ስንት ሴቶችን ዝም እንዳሰኘ አውቃለሁ።

12ኛውን መልስ የሰጠችው ሕግ ባለሙያ ናት፤ በተረጋጋ መንፈስ፣ ረዘም አድርጋ ጻፈች። በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ተበዳይዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ሕፃን ከሆነች ደግሞ በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ቅጣቱ ቀላል አይደለም፤ ችግሩ ሕጉ በራሱ ምስክር አለመሆኑ ነው። መዝገቡ የሚንቀሳቀሰው በተበዳይዋ ቃል ነው፤ ቃሏን ለመርማሪው፣ ለሐኪሙ፣ ለዐቃቤ ሕጉ፣ በመጨረሻም ለችሎቱ ትደጋግማለች፤ ቀጠሮ ይለወጣል፤ በመሐሉ የተከሳሽ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ሳትፈልግ ተጎትታ የመጣች ሴት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ ትቀራለች፣ መዝገቡም ይዘጋል፣ ሰውዬውም ነፃ ወጣሁ ብሎ ይፎክራል፤ ራሷ ወስና፣ በራሷ ጊዜ የመጣችዋ ግን ስትጸና አይታለች። ስለዚህ ለ11ኛው ጸሐፊ የመለሰችለት በራሱ ሚዛን ነው፤ ሰውዬው እንዲታሰር የምትሻ ከሆነ ልጅቷን አትግፋት።

ሆኖም ባለሙያዋ ሳይሸፋፈን የሚነገር ገደብ አስቀምጣለች። ጥቃቱ የደረሰው በሕፃን ላይ ከሆነ፣ ወይም የደዋይዋ ሕይወት በዚያው ሰዓት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሚስጥር የመጠበቁ ቃል ወሰን አለው፤ አድማጭም ይህን ወሰን ታሪኩ ተነግሮ ካበቃ በኋላ ሳይሆን በጥሪው መጀመሪያ ላይ፣ በቀላል ቃል መናገር አለበት። ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል ሰጥቶ በኋላ ማፍረስ የመስመሩን ስም የሚገድል ነገር ነው። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ብዙ ሥልጠና ላይ በችኮላ የሚታለፍ ጉዳይ ነውና።

13ኛው መልስ በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ አባት የጻፉት ነው። ጠያቂዋን ልጄ እያሉ፣ ነገሩ አደባባይ ከሚወጣ በሽምግልና ቢያልቅ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ቢነጋገር፣ ካሳም ቢከፈል ለልጅቷ የወደፊት ሕይወት እንደሚበጅ ይመክራሉ። ክፉ ልብ ያላቸው አይደሉም። 14ኛዋ መልስ ሰጪ ግን ሳትራራ መለሰች፤ ካሳው የሚከፈለው ለአባትየው ነው፣ የሚታረቁት ወንዶቹ ናቸው፣ ልጅቷ ውኃ ስትቀዳ ያንኑ ሰው መንገድ ላይ እያገኘችው ትኖራለች፤ ይህን እርቅ የሚለው ሰው የማንን ሰላም ነው የሚፈልገው አለች። በዚያው ቁጣ ላይ የተሳሳተ ነገር ጨመረች፤ ከመደፈር የመጣን ፅንስ ለማቋረጥ እንኳ መጀመሪያ የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚጠየቅ ጻፈች። ሕግ ባለሙያዋ በ15ኛው መልስ ሁለት ነገር አስተካከለች። በ1949 ዓ.ም በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን ዘግቶታል፤ ጋብቻም ሆነ እርቅ ወንጀሉን አያጥበውም። ፅንስን በተመለከተ ደግሞ አንቀጽ 551 እና 552 እንደሚሉት፣ ፅንሱ ከመደፈር ወይም ከዘመድ የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ነው፤ ክስ መመሥረትም ሆነ ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም። በመስመሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይህን አንቀጽ በቃሉ ሊይዘው ይገባል። ስንት ደዋይ በከንቱ ስጋት ወራት እንዳሳለፈች አውቃለሁ።

16ኛዋ መልስ ሰጪ ደዋይዋ የምትከስሰው ባሏን ከሆነስ ብላ ጠየቀች። አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጪ የሚፈጸመውን ብቻ እንደሚመለከት ባለሙያዋ በሐዘን አረጋገጠች፤ ድብደባና የአካል ጉዳት ካለ ግን በሌላ አንቀጽ ክስ ሊመሠረት ይችላል። እኔ የምለው፣ አድማጭ ፍርድ ቤት አይደለም። ሕጉ ስም ያልሰጠው ነገር የደረሰባት ሴት ስልኩ ላይ ሳለች ስለ ሕጉ ክፍተት ትምህርት አያስፈልጋትም፤ የደረሰባትን እንደነገረችው መቀበል፣ ዛሬ ማታ የት እንደምታድር መጠየቅ፣ መጠለያ ከፈለገች እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ካሉት ጋር ማገናኘት ነው ሥራው።

ለእኔ የውይይቱ ልብ 17ኛው መልስ ነው። የጻፈችው ከዓመታት በፊት ራሷ ደውላ የነበረች ሴት ናት። መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ሳሎን ውስጥ ያለውን ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ትታ ነበር የደወለችው። አድማጯ ምን ሆነሽ ብላ አልጀመረችም፤ አሁን መናገር ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፣ ካልቻለች አዎና አይደለም ብቻ እንድትመልስ ተስማሙ፣ ድንገት ሰው ከመጣ ደግሞ ስለ ዕቁብ የሚያወሩ እንዲመስሉ ተነጋገሩ። ከዚያ ነው ስለ ጓደኛዋ ያወራችው። የተደፈረችው ጓደኛዋ ናት፤ የፈራችውም ጓደኛዋ ናት። አድማጯ ጥሪው እስኪያልቅ ጓደኛሽ የምትዪው አንቺ ነሽ ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ ለጓደኛሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት እያለች፣ ስለ ሰዓቱም፣ ስለ ሆስፒታሉም፣ ጥፋቱ የጓደኛዋ ስላለመሆኑም ሁሉንም አስረዳቻት። ሊሰናበቱ ሲሉ፣ ስልኩን ሌላ ሰው የሚያይ ከሆነ ቁጥሩን ከተደወለበት ዝርዝር ውስጥ እንድታጠፋው፣ ከመስመሩም ሳትፈቅድ ማንም መልሶ እንደማይደውልላት ነገረቻት። ይህች ሴት ሕክምና ያገኘችው ዘግይታ ነው። ክስ አልመሠረተችም፤ ዛሬም አልተጸጸተችም። ለ11ኛው ጸሐፊ የጻፈችለት፣ ያን ቀን አድማጯ እንደ እርሱ ብትናገራት ኖሮ ሁለተኛ እንደማትደውል፣ ከዚያ በኋላ ምን ልታደርግ እንደነበርም ማሰብ እንደማትፈልግ ነው።

ያ ሰው በ18ኛው መልስ ተመልሶ መጣ። አቋሙን ሙሉ በሙሉ አልለወጠም፤ ነገር ግን አነጋገሩ ተቀይሯል፤ እህት እንዳለው ጠቅሶ፣ አንድ ወንድ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ቢሠራ እንደሚጠቅም ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም፤ ምክንያቱም ከ19 እስከ 22 ያሉት መልሶች ስለ በጎ ፈቃደኞች የትራንስፖርት አበል፣ ማታ ፈረቃ ለሚወጡት ታክሲ ይከፈል አይከፈል፣ ከዚያም ስለ ታክሲ ዋጋ ሄዱ። በእርግጥ ሴት አድማጭ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፈረቃዋን ጨርሳ እንዴት ቤቷ እንደምትገባ ማሰብ የሥራው አንድ አካል ነው፤ ክርክሩ ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል።

23ኛው መልስ የመጣው ከእስራኤል ነው፤ ለዚያ ሰው ጥያቄ በተዘዋዋሪ መልስ የሰጠም እርሱ ነው። እዚያ በጥቃት መርጃ ማዕከላቱ ሥር ለሴቶች 1202፣ ለወንዶች ደግሞ 1203 የሚባሉ የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፤ በልጅነታቸው የተደፈሩ ወንዶች ለወንድ አድማጭ መናገር ሲፈልጉ የሚያነሣላቸው አለ። ጸሐፊው በእኛ ቋንቋ ወንድ ልጅ እንደተደፈረ የሚናገርበት ቦታ ጨርሶ የለም ብሎ ያዝናል። 24ኛዋ በሐሳቡ ተስማምታ፣ ነገር ግን እርሷ በምታገለግልበት መስመር ወንዶች ከሚደውሏቸው ጥሪዎች ብዙዎቹ አድማጭን ለማስነወር የሚደረጉ እንደሆኑ፣ አዳዲስ ልጆችም በዚያ ተሰብረው እንደሚተዉት በብስጭት ትጽፋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ አድማጭ አንድ ጊዜ አስጠንቅቆ የመዝጋት ሙሉ መብት እንዳለው በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። በዚያ ስጋት የተነሣ ግን በወንድ ድምፅ የመጣን ዝምታ ሁሉ ቀልድ ነው ብሎ መዝጋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ሊከፍት የነበረን ልጅ መልሶ መቅበር ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ የተጻፈው 25ኛው መልስ ረጅም ነው። ከተማዋ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥቃት መርጃ ማዕከል አላት፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሬይን የተባለው ሀገር አቀፍ ድርጅት ደግሞ ጥሪን ለደዋዩ ቅርብ ወደሆነ ማዕከል ያስተላልፋል። በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ አማካሪው የሰማውን ፍርድ ቤት ላይ እንዲናገር እንዳይገደድ የሕግ ከለላ የሚያገኘው ቢያንስ 40 ሰዓት ከሠለጠነ ነው። ጸሐፊዋ ግን ይህን ሁሉ የዘረዘረችው አንድ ችግር ለማንሣት ነው። እንግሊዝኛ የማትችል አማርኛ ተናጋሪ ስትደውል አስተርጓሚ ይጠራላታል፤ ሐበሻው የሚተዋወቅበት ከተማ ነውና አስተርጓሚዋ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር የምታውቃት ሴት ሆና ትገኛለች። ደዋይዋ ድምፁን ስታውቀው ታሪኩን ትቀይራለች ወይም ትዘጋለች። መፍትሔ ብላ ያቀረበችው ከሩቅ ክፍለ ሀገር አስተርጓሚ መጠየቅን፣ ደዋይዋም ከመጀመሯ በፊት ይህን ድምፅ ታውቂዋለሽ ወይ ተብላ እንድትጠየቅ ማድረግን ነው። በአማርኛ በቀጥታ የሚያዳምጡ በጎ ፈቃደኞች ቢበዙ የበለጠ ይሻላል፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚያውቁት ድምፅ ሲመጣ ስልኩን ለሌላ አድማጭ እንዲያስተላልፉ መሠልጠን አለባቸው።

26ኛው መልስ የውሸት ክስን አነሣ፤ እውነት ከሆነ ለምን ሁለት ቀን ቆየች አለ። 27ኛዋ በሁለት መስመር መለሰችለት፤ መልሱን የውይይቱ አስተናባሪ ስለ ስድቡ አጠፋው። ስድቡ መጥፋቱ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ መቅረት የለበትም። የደነገጠ ሰው ወዲያው አይናገርም፣ ጊዜውንም ያደባልቃል፣ አንዳንዱን ጨርሶ አያስታውሰውም፤ አድማጭም እውነት መሆኑን የመመርመር ሥራ አልተሰጠውም፤ ያ የመርማሪውና የችሎቱ ነው። በስልክ የመጣችን ሴት ማመን ማንንም አያስርም።

በ28ኛው መልስ ነርሷ ጠያቂዋን ስለ ራሷ ጠየቀቻት፤ ትበያለሽ ወይ፣ ትተኚያለሽ ወይ፣ ከአስተባባሪሽ ጋርስ ተነጋግረሻል ወይ? ከከባድ ጥሪ በኋላ ቀጣዩን ጥሪ ወዲያው ማንሣት እንደማይገባ፣ ተነሥቶ ውኃ መጠጣት፣ በግቢው ውስጥ መዘዋወር፣ ከዚያም የሰሙትን ለሚመለከተው ሰው በዚያው ዕለት ተናግሮ ወደ ቤት መሄድ ልማድ መሆን እንዳለበት መከረቻት። ሌሎችም ያንኑ ደገሙ፤ አንዲት አድማጭ በአንድ የማታ ፈረቃ የሰማችውን ለወራት ብቻዋን ይዛ ቆይታ በመጨረሻ ሥራውን እንደተወች ጻፈች።

የመጨረሻው፣ 31ኛው መልስ፣ ከዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ነው፤ የተጻፈውም ከባሕረ ሰላጤው ሀገራት በአንዷ በቤት ሠራተኝነት ከምትኖር ሴት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር 7711፣ ሴታዊት የተባለው የሴቶች መብት ንቅናቄ አለኝታ የሚለው መስመርም 6388 እየተባለ በውይይቱ ላይ የተለዋወጥናቸው ባለአራት አኃዝ ቁጥሮች እርሷ ካለችበት አይሠሩም። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዞታል፤ ከቤት ብትወጣ ጠፍታለች ተብላ የምትታሰረው እርሷ ናት፤ ያላት ማታ ማታ የምትከፍተው ስልክና ዋይፋይ ብቻ ነው። ጥቃት ደረሰብኝ አላለችም፤ ማንም እንዲጠይቃትም አልፈለገችም፤ ከውጪ የሚደወልበት ቁጥር አለ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። ከእርሷ በኋላ የጻፈ የለም። የእኔ መልስ ይህ ነው። አጭር ቁጥር ያለው መስመር ሁሉ ከጎኑ በቴሌግራምና በዋትሳፕ የሚገኝ መደበኛ ቁጥር ይክፈት፤ ሰዓቱንም ሠራተኞቹ ሥራ ጨርሰው ወደ ክፍላቸው በሚገቡበት እኩለ ሌሊት ላይ ያድርገው፤ ድምፅ ማሰማት ለማይችሉት በጽሑፍ ይመለስ፤ ያን ሰዓት ለመሸፈን ፈቃደኛ የሆናችሁ አድማጮች ደግሞ በየመስመራችሁ አስተባባሪ ዘንድ ፈረቃችሁን አስመዝግቡ።